የመድፉ ሒሳብ፣ የጄቱ ሒሳብ

ልጆች የጦር አውሮፕላን ይወዳሉ። የደብተራቸውን የኋላ ገጽ ብትገልጡት ክንፉ የሾለ፣ ከጅራቱ እሳት የሚተፋ ጄት ተስሎ ታገኛላችሁ። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዘዞ ላይ የጦር ሰፈርም አውሮፕላን ማረፊያም ስላለ ሰማዩ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንገቱን ያቀናል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «አባባ፣ ይኼ ስንት ብር ነው?»

አብዛኞቻችን «ብዙ ነው» ብለን እናልፋለን። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። በሀብታሞቹ አገሮች ፓርላማ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው። ጎንደርም ብትሆን ይህን ጥያቄ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ያውም ከከፋዮቹ ወገን ሆና። የአዘዞው ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም መጠራቱ አጋጣሚ ነው፤ ለዛሬው ጨዋታችን ግን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

መጀመሪያ የልጁን ጥያቄ እንመልስለት። ዛሬ በዓለም ላይ ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ተዋጊ ጄት ኤፍ-35 የተባለው የአሜሪካ ሥሪት ነው። አንዱ እንደየዓይነቱ ከ80 እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጣል። በአሁኑ ምንዛሪ ከ10 ቢሊዮን ብር ይበልጣል ማለት ነው። ይኼ ግን የመግዣው ነው። መኪና የገዛ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዋናው ወጪ የሚጀምረው ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ ነው። ኤፍ-35 አንድ ሰዓት ሲበር ከ30,000 ዶላር በላይ ይበላል። ይህም ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ በማይበቃ ጊዜ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት አገሪቱ ልትገዛ ያቀደቻቸው ወደ 2,500 የሚጠጉ ጄቶች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚጠይቁት ወጪ ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ 1.58 ትሪሊዮኑ ለጥገና፣ ለመለዋወጫና ለማንቀሳቀሻ ብቻ የሚውል ነው።

ትሪሊዮን የሚባለው ቁጥር ለጆሮ እንጂ ለልብ አይገባም። በእኛው እንለካው። የኢትዮጵያ የ2018 በጀት ዓመት የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፤ በዶላር ወደ 14 ቢሊዮን ቢጠጋ ነው። ስለዚህ የዚያ የአንድ ዓይነት አውሮፕላን ሒሳብ የአገራችንን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መንገድና ደመወዝ ከመቶ ዓመት በላይ ይሸፍን ነበር። እንዲህም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ በ2015 ዓ.ም. ሲቆጥር ከጄቶቹ መካከል በታሰበው ጊዜ ለግዳጅ ዝግጁ ሆነው የተገኙት 55 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። የቀሩት ጋራዥ ናቸው፤ ወይ መለዋወጫ ይጠብቃሉ፣ ወይ ጠጋኝ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይወጣል? እድር ያላችሁ አንባቢያን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። መቶ አባወራ ተሰባስቦ የ500,000 ብር ድንኳን ሊገዛ ተስማማ እንበል፤ ለእያንዳንዱ 5,000 ብር ይደርሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ግማሹ «አልቻልኩም» ብሎ ወጣ። የቀረው ሰው 10,000 ብር መክፈል አለበት። ይህን ሲያይ ደግሞ ሌላው ይወጣል። መጨረሻ ላይ አምስት ሰው መቶ መቶ ሺህ ብር እያዋጣ ድንኳኑን ይገዛና ማታ ማታ ማን እንደሚያድርበት ይጣላል። ጄትም እንዲሁ ነው። የምርምሩና የፋብሪካው ወጪ አስቀድሞ ይወጣል። ለብዙ ጄት ሲካፈል ይቀላል፤ ለጥቂት ሲካፈል ይከብዳል። ስለከበደ ጥቂት ይገዛል፤ ጥቂት ስለተገዛ ይብስ ይከብዳል። ኤፍ-22 የተባለው ጄት ሲታሰብ 750 ይሠራል ተብሎ ነበር። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ሲዘጋ ለአየር ኃይሉ የደረሱት 187 ብቻ ናቸው። ቢ-2 የተባለው ቦምብ ጣይ 132 ይሆናል ተብሎ 21 ላይ ቆመ፤ ምርምሩ ተደምሮ አንዱ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገባ። ኖርማን ኦገስቲን የተባሉ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ሰው ከ40 ዓመት በፊት ገደማ ዋጋው የሚያድግበትን ፍጥነት በወረቀት ላይ አስልተው አንድ ቀን የአሜሪካ የመከላከያ በጀት በሙሉ አንድ አውሮፕላን ብቻ ይገዛል ብለው ቀልደዋል። የዚያን ጊዜ የሳቁት አሁን ብዙም አይስቁም።

አሁን ወደ እኛ።

የሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሊነግሡባት አስበው። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር የቋራው ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው አጠገብ ድል አደረጓቸውና ውቤ ባዘጋጁት ሥፍራ ራሳቸው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤን በጦር ሜዳ ያሸነፉት ንጉሥ መድፍ ምን እንደሚሠራ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ገና በሽፍትነት ዘመናቸው ከግብፆች ጋር ድባርቂ ላይ ገጥመው በመድፍ ተመትተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፍ ከልባቸው አልወጣም የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም እስማማለሁ።

አፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ጉዳይ መጀመሪያውኑ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን ተረድተው ነበር። ወታደሩ የገበሬውን እህል እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ ይቆረጥለት አሉ። ደመወዙ ከየት ይምጣ? ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ከሚበቃው መሬት በላይ ያለው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ይኼ ብዙ ጊዜ የሃይማኖት ጠብ ተደርጎ ይነገራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ዛሬ ፓርላማ ውስጥ የምንሰማው ዓይነት የበጀት ክርክር ነው። ክርክሩን ንጉሡ አላሸነፉም። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፈው ባለሙያ ጠየቁ፤ መልስ ቀረ። በዚህ ቂም የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሠሩ። የሚቀጥለውን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ያኔ ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ጋፋት አዞሩ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች መንደር ናት። እዚያ የነበሩት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ጥበብ ሰዎች ናቸው፤ መድፍ ስለማቅለጥ ያወቁት ነገር አልነበረም፤ ይህንኑም ተናግረዋል። ንጉሡ ግን ሥሩ አሉ። ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም አብረው ነበሩ። ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ። መጨረሻ ላይ በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ወጣ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ስሟ በተሰማው ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለች። በጭቃ እቶን፣ በጥቂት መጽሐፍና በብዙ ፍርሃት ከተሠሩ ነገሮች ሁሉ የምታስደንቅ ናት። ይህን ማሳነስ አይገባም።

ታዲያ ማን ከፈለ?

በ1859 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉም። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊትም ከተማዋ ተበርብራ ነበር፤ የኋለኛው ግን የባሰ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ፤ ወርቁ፣ ብሩ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ተጭነው መጀመሪያ ደብረ ታቦር፣ በኋላም መቅደላ ገቡ። ሴባስቶፖል ከጎንደር ወርቅ ተሠራች ማለቴ አይደለም፤ ወርቅ መድፍ አይሆንም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ አንጥረኛ፣ ያ ሁሉ ጎታች የሚበላው ነበረው። የሚበላውም ከበጌምድር ገበሬ ጎተራ፣ ከነጋዴው ቤትና ከደብሩ ዕቃ ቤት ነበር የሚወጣው። ገበሬው ጎተራው ሲራቆት ሸፈተ። ገበሬው ሲሸፍት ንጉሡ የሚገዙት አገር ጠበበ። አገሩ ሲጠብ ደግሞ መሣሪያው ይበልጥ አስፈላጊ መሰላቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የተነገረው ለመንግሥታት ይመስለኛል።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ እየጎተተ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት ነበር። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። በእግሩ ቀለል ብሎ የሚሄድ መንገደኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጨርሰው መንገድ ነው። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥተው እየገሰገሱ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። የኢትዮጵያ ወገን ትልልቆቹን መድፎች ከላይ ተኮሰ፤ ብዙም አልመቱም። ውጊያውን የወሰነው መድፍ አልነበረም። እንግሊዞች ስናድር ይዘው ነበር፤ ከኋላው የሚጎርስ፣ አንድ ተራ ወታደር ቆሞ ቶሎ ቶሎ የሚተኩሰው ቀላል ጠመንጃ። ስናድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የታየው እዚያ ነው ይባላል። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው ሞተ። ከእንግሊዞች ደግሞ 20 ሰው ቆስሎ ሁለቱ ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተጋድማ አለች። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናያት አምሳያዋ ናት። የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስታልፉ ይህን ብትነግሯቸው አይከፋም።

የእንግሊዞቹም ሒሳብ ቢሆን ቀላል አልነበረም። ይኼኛው ታሪክ እኛ ዘንድ ብዙ ስለማይነገር ትንሽ ልቆይበት። የለንደን ፓርላማ ለዘመቻው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደር፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ከየአገሩ የተገዙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ግመሎች፣ እንዲሁም ከባሕሩ ዳርቻ የሚነሳ አጭር የባቡር ሐዲድ አሰናዱ። በቅሎዎቹ ዙላ ላይ ውኃ እያጡ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ ሌላ ተገዛ። ዘመቻው ሲያልቅ ሒሳቡ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ፓርላማው ገንዘቡ እንዴት እንዲህ እንደናረ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ከዛሬው የኤፍ-35 ክርክር የሚለየው በልብሱ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ትንሽ ይጠየቃል፣ መሐል ላይ መመለስ አይቻልም ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ይቋቋማል።

ከመቅደላ የተዘረፈውን ንብረት ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተደርጎ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘበት፤ ለወታደሩ ተከፋፈለ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የተወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ ጎንደር ለአንድ ጦርነት ሁለት ጊዜ ከፈለች፤ አንዴ ለራሷ ንጉሥ፣ አንዴ ለባዕድ።

ሰማዩን ረሳነው። የሰሜን ጎንደር ሰው የጦር አውሮፕላንን ያወቀው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ከጎጃም ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ ሲጓዝ ዳባት አጠገብ ከአየር ተደበደበ። ብዙው ሰው አውሮፕላን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 23 ጣሊያኖች ጎንደር ገቡ። አዘዞን የአውሮፕላን ሜዳ አደረጉት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ የአየር ኃይል ምን ቀረው? በ1934 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደባርቅ አፋፍ ያለው የወልቅፊት ምሽግ በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ እጁን ሰጠ። ጎንደር ብቻ ቀረች። በዚያን ጊዜ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ለጣሊያን የቀሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ጎንደር። ሲአር-42 የሚባሉ፣ ክንፋቸው በላይና በታች የተደረበ፣ ለዘመኑም ያረጁ ዓይነቶች ናቸው። ባሕሩ ስለተዘጋ ነዳጅ የለም፣ መለዋወጫ የለም። አንዱን ለማስነሳት ከሌላው ይነቀላል። ጥቅምት ላይ አንደኛው ተመትቶ ወደቀ። ሁለተኛው እስከ ኅዳር ብቻውን ሲበር ከርሞ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ እጃቸውን ሲሰጡ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ከነሰማዩ አበቃ። ጄቱን የሚያደንቅ ልጅ ካላችሁ ይህንን ንገሩት፦ አውሮፕላን ማለት የሚታየው ብረት ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለው መርከብ፣ ነዳጅ፣ ብሎንና ብሎኑን የሚያጠብቀው ሰው ጭምር ነው።

አገራችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ ስዊድኖች፣ ከዚያ አሜሪካኖች ረዱን። በ1950ዎቹ ኤፍ-86 ጄቶች፣ ቀጥሎም ኤፍ-5 መጡ። ደብረ ዘይት በአፍሪካ ከሚጠቀሱ የአየር ኃይል ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ በገፋች ጊዜ የኢትዮጵያ አብራሪዎች በኤፍ-5 ሚጎቹን ጣሉ። የሚያሳዝነው በዚያው ዓመት አሜሪካ አቅርቦቷን ማቋረጧ ነው። ጄት ከሰው ሲገዙ ወዳጅነቱንም አብሮ መግዛት ግድ ነው፤ ወዳጁ ሲኮርፍ ጄቱ ሐውልት ይሆናል።

የዚያ ጦርነት ጀግና ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ናቸው። የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣሉ በኋላ የራሳቸው ተመታ፤ ተማረኩ። ከእስር የወጡት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት! አሳዳጊዎች የሆናችሁ አንባቢዎች ቁጥሩን በልጅ ዕድሜ ቁጠሩት፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ጨቅላ አምስተኛ ክፍል ይደርሳል። ይህ በየትኛውም የመከላከያ በጀት ውስጥ ርዕስ የለውም።

ከአሜሪካ በኋላ ሶቪየት ኅብረት መጣች፤ ሚግ-21፣ ሚግ-23፣ ታንኩ፣ ሮኬቱ ሁሉ። አብዛኛው በብድር ነበር። ደርግ ወድቆ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈርሳ ዕዳው ቀረ። ሩሲያ በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰረዘችልን፤ ባትሰርዝ ኖሮ ሚጎቹን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት የዛሬ ወጣቶች ይከፍሉት ነበር። በ1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሱ-27 ተገዛ፤ ከወዲያኛው ወገን ሚግ-29 ነበር። በዓለም ካሉ ድሆች ውስጥ የሚቆጠሩ ሁለት ወንድማማች አገሮች ያኔ ስመ ጥር በሆኑት ጄቶች አየር ላይ ተታኮሱ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ አየር ኃይላችን ሱ-30 ተረክቧል። አገር ሰማይዋን የሚጠብቅላት ያስፈልጋታል፤ ይህንን አልክድም። ለመግዛት የሚወጣውን ስንሰማ ግን ለሠላሳ ዓመት ለማንቀሳቀስ የሚወጣውንም ብንጠይቅ ነውር የለውም።

አሁን የሚያጠያይቀው ጄቶቹ ራሳቸው ወደፊት ይኖራሉ ወይ የሚለው ነው። ፈረንሳይና ጀርመን በ2009 ዓ.ም. የጋራ አዲስ ጄት እንሠራለን ብለው አበሠሩ፤ ስፔንም ገባችበት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አገር ኩባንያዎች «እኔ ልምራ፣ እኔ ልምራ» እያሉ ሲነታረኩ ዓመታት ነጎዱ። እንግሊዝ፣ ጃፓንና ጣሊያን በበኩላቸው ሌላ ጀምረዋል። አሜሪካ የራሷን አዲስ ጄት ዋጋው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል በሚል ለጥቂት ጊዜ ካቆመች በኋላ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ኤፍ-47 ብላ ቀጥላበታለች።

በሌላ በኩል ድሮን መጣ። ቱርክ ሠራሹ ባይራክታር ቲቢ-2 ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ይባላል፤ በአንድ ኤፍ-35 ዋጋ ከደርዘን በላይ ይገዛል። ከዚህም የባሰ ርካሽ አለ። ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩክሬን ከመቶ በላይ ትናንሽ ድሮኖችን በጭነት መኪና ደብቃ ሩሲያ ውስጥ አስገብታ፣ ሩሲያ ዛሬ መልሳ ልትሠራቸው የማትችላቸውን ቦምብ ጣዮች በቆሙበት አነደደቻቸው። ሴባስቶፖልና ስናድር እንደገና ተገናኙ ማለት ይቻላል።

እኔ ግን በዚህ የምደሰት ሰው አይደለሁም። ውድ መሣሪያ ቢያንስ ባለቤቱን ያሳስበዋል፤ ይሰበርብኛል፣ ይጠፋብኛል ይላል። ርካሹ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም፤ ስለዚህ እጅ ይደፍራል። አዘዞ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ከትግራይ በተተኮሰ ሮኬት ስትመታ ጄት አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም «ድሮን» የሚለው ቃል በክልላችን ለሕፃናት ሳይቀር አዲስ አይደለም። ቃሉን ከፊደል በፊት የለመዱ አሉ።

ወደ መቅደላ አንድ ጊዜ እንመለስ፤ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ያስቀረሁት ነገር አለ። አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ውቤን ካሸነፉ በኋላ የውቤን ልጅ፣ እቴጌ ጥሩወርቅን አገቡ። ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ከእሷ ነው፤ በእናቱ በኩል የስሜን ደጋ ልጅ ነው። መቅደላ ስትወድቅ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች እናትና ልጁን ይዘው ወደ ባሕሩ ተመለሱ። እናቱ በመንገድ ላይ፣ ትግራይ ሳሉ አረፈች። ልጁ ለብቻው መርከብ ተሳፈረ።

አያቱ፣ የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቅያዬ፣ አገር ቤት ቀሩ። የልጅ ልጃቸውን ነገር ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ አረፈ። ዊንድዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አጽሙ ይመለስልን ለሚለው የኢትዮጵያ ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳይነካ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጥቷል። እስካሁን እዚያው ነው።